ቁልፍና ጓጉንቸር፦ ስለ ኢንዛይም በሚሰጥ ትምህርት የአንድ ምሳሌ ጥቅምና ጉድለት

የባዮሎጂ መምህር ስለ ኢንዛይም ሲያስተምር ብዙውን ጊዜ በሰሌዳው ላይ የሚሥለው ቁልፍና ጓጉንቸር ነው። ተማሪውም ሥዕሉን በደብተሩ ይገለብጣል፤ በፈተና ሲጠየቅ «ኢንዛይም እንደ ጓጉንቸር፥ ሰብስትሬት የሚባለውና ኢንዛይሙ የሚሠራበት ንጥረ ነገር ደግሞ እንደ ቁልፍ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ማርኩንም ያገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምሳሌው እስከ የት ድረስ እንደሚያስረዳና ከየት ጀምሮ እንደሚያሳስት መመርመር ነው።

ምሳሌውን ያመነጨው ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኤሚል ፊሸር ነው። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1894 ባወጣው ጥናት፥ ከግሉኮስ የተገኙና በአተሞቻቸው አቀማመጥ ብቻ የሚለያዩ ሁለት መንትያ ውሁዶችን መረመረ። ከእርሾ የተገኘው ኢንዛይም አንደኛውን ሲሰብር ሁለተኛውን አልነካም፤ ከአልሞንድ ፍሬ የተገኘው ግን ሁለተኛውን ሰብሮ አንደኛውን ተወ። ከዚህ በመነሣት ኢንዛይምና ሰብስትሬት እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ካልተገጣጠሙ ሥራ አይሠራም አለ። ኢንዛይም ፕሮቲን መሆኑን ጄምስ ሰምነር ዩሬዝ የተባለውን በክሪስታል መልክ አጥርቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1926፥ ማለትም ከ32 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ፊሸር ምንነቱ ያልታወቀን ነገር መራጭነት በአንድ ምሳሌ መግለጹ ሊደነቅ ይገባል። ስሕተቱ ከምሳሌው ሳይሆን ምሳሌውን የትምህርቱ መጨረሻ ከማድረጋችን ነው።

ጉድለቱ በመጀመሪያ የሚታየው በቋንቋችን ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም መምህሩ በአማርኛ ሲያብራራ «ቁልፍ» የሚለው ቃል መክፈቻውንም መዝጊያውንም ይጠራል። ከዚህም በላይ ተማሪው በኑሮው የሚያውቀው ሥራውን የሚሠራው መክፈቻው መሆኑን ነው፤ በትምህርቱ ግን ሠሪው ጓጉንቸሩ ሆኖ ይቀርብለታል።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከብዳል። ቁልፍ ገብቶ ሲወጣ ያው ቁልፍ ነው፤ ሰብስትሬት ግን ተሰብሮ ወይም ተጣምሮ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። ሥዕሉ መግጠምን እንጂ መለወጥን አያሳይም፤ የኢንዛይም ቁም ነገር ግን መለወጡ ነው። እንዲያውም ሊነስ ፖውሊንግ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እንዳስረዳው፥ ኢንዛይም ከሁሉ አብልጦ የሚገጥመው ከሰብስትሬቱ ጋር ሳይሆን፥ ሰብስትሬቱ ወደ ውጤቱ ሲለወጥ ከሚያልፍበት የቅጽበት ሁኔታ ጋር ነው። ሰብስትሬቱን ብቻ አጥብቆ የሚይዝ ቢሆን ወጥመድ ሆኖ በቀረ ነበር።

ሦስተኛ፥ ብረት አይለመጥም። ዳንኤል ኮሽላንድ እ.ኤ.አ. በ1958 እንዳመለከተው ግን ኢንዛይም ሰብስትሬቱን ሲቀበል ቅርጹን ያስተካክላል፤ ሁኔታው ጓንት እጅ ሲገባበት ቅርጽ እንደሚይዘው ነው። ጓጉንቸር በፈላ ውሃ አይበላሽም፤ አብዛኛው ኢንዛይም ግን በፈላ ውሃ ቅርጹ ይፈታና ሥራውን ያቆማል።

ይህ ሁሉ ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚጠቅም ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሥዕሉን በቃሉ የያዘ ተማሪ «ብቅሉ ቢቀቀል ጠላው ለምን አይሆንም?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ ከብረት ቁልፍ መልስ አያገኝም። መልሱ ያለው ከእናቱ ዘንድ ነው። ጠላ ጠማቂዋ ገብሱን ነክራ ታበቅላለች፤ አድርቃም ታስፈጫለች። በሚበቅለው ገብስ ውስጥ የሚፈጠረው አሚሌዝ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾውም ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። የተቆላው አሻሮ ስታርች አለው፤ ኢንዛይሙን ግን እሳት ስላጠፋበት ያለ ብቅል አይሆንም። አንሴልም ፓየንና ዣን ፍራንስዋ ፔርሶ እ.ኤ.አ. በ1833 በፈረንሳይ አገር ዲያስቴዝ ብለው የሰየሙትን ኢንዛይም ያወጡትም ከብቅል ነው። የኢንዛይም ትምህርት ከአንድ የጠላ ቤት ጓዳ ቢጀምር ከሳይንሱ ታሪክ አይርቅም።

ሙከራውም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የብቅል ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ይጠለላል፤ ጥላዩ ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ይፈላና ይቀዘቅዛል። ሁለቱም በቀጭን የስታርች ውሃ ላይ ከተጨመሩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዮዲን ጠብ ይደረግባቸዋል። የፈላው ጥላይ ያለበት ይጠቁራል፤ ያልፈላው ያለበት ስታርቹ ስለተለወጠ አይጠቁርም። ተማሪው ያን ጊዜ መለወጥን በዐይኑ ያያል።

የምሳሌው ጠባብነት በቴክኖሎጂም ረገድ ይታያል። ፍራንሴስ አርኖልድ የኢንዛይምን ጂን በዘፈቀደ እየለወጡ ከተገኙት መካከል የተሻለውን በመምረጥና ይህንኑ በመደጋገም፥ እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ኢንዛይም ቀድሞ በማይስማማው ፈሳሽ ውስጥ እንዲሠራ አድርገዋል፤ በዚህ መስክ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ2018 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ኢንዛይምን አንድ ጊዜ ተቀርጾ እንዳለቀ ብረት ብቻ አድርጎ የተማረ ወጣት እንዲህ ያለውን ሥራ ለማሰብ ይቸገራል።

«ለጀማሪ ቀላሉ ሥዕል ይበቃል» የሚሉ መምህራን አሉ፤ አባባላቸውም ከእውነት የራቀ አይደለም። ቀላል ሥዕል ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ድንበሩ ሊነገር ይገባል። ስለዚህ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ትምህርቱን በብቅሉ ሙከራ ጀምረው ሥዕሉን በማስከተል «ይህ ሥዕል ከሙከራው ጋር የማይስማማው በምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ቢያክሉ፥ ፈተና አውጪዎችም የሥዕሉን ስም መጥራትን ሳይሆን ይህንኑ ጥያቄ ቢጠይቁ፥ ተማሪው የፊሸርን ምሳሌ ከመሸምደድ አልፎ መመዘን ይጀምራል።