ለቀባሪው አረዱት፤ ስለ አልጣሽ አንበሶች ሥዕል

ፎቶግራፍ ወይም ፊልም ሲቀርብልን ሁለት ነገር እንቀበላለን። አንዱ የሚታየው ነው፤ ሁለተኛው ስለሚታየው የሚነገረው ቃል ነው። የሚታየው እውነት ሆኖ ሳለ ቃሉ ሊያሳስት ይችላልና፣ አስተዋይ ሰው ሁለቱን ለይቶ መመርመር ይገባዋል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ከመተማ በስተደቡብ በቋራ ቆላ የሚገኘው አልጣሽ ነው። አልጣሽ በ1998 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለ፣ ስፋቱ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ በሱዳን ካለው ከዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰን አገር ነው። በጥር ወር 2008 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዶክተር ሃንስ ባወር የመሩት ጉዞ፣ በቦርን ፍሪ ድርጅት ድጋፍ፣ በዚያ የአንበሳ ዱካ ማየቱና ፎቶግራፍ ማንሣቱ ተነገረ። በሁለቱ ፓርኮች በጠቅላላው ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉም ተገመተ።

ሥዕሉን አመሰግናለሁ። ዛፍ ላይ የሚታሰረው ካሜራ አውሬ በፊቱ ሲያልፍ ራሱ ያነሣል እንጂ አያባርርም፣ አያጋንንም። በአንበሳው መኖር ይጠራጠር ለነበረም የማይካድ ማስረጃ ሰጥቷል።

ቃሉን ግን እነቅፋለሁ። የተመራማሪዎቹ ሥራ ማረጋገጥ ሆኖ ሳለ፣ ወሬው በየጋዜጣው ሲዛመት «የማይታወቁ አንበሶች ተገኙ» ወደ ማለት ደረሰ። ለማን ነው የማይታወቁት? ከብቱን በእሾህ አጥር የሚያሳድር የቋራ ገበሬና በዚያው ቆላ የሚኖር የጉሙዝ ሰው፣ የአንበሳ ድምፅ ከካሜራው በፊት ሰምቷል። ይህ ለቀባሪው አረዱት ነው።

ነገሩም በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በጓቲማላ ጫካ ቲካል የምትባል የማያ ሕዝብ ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ አለች። በፍርስራሹ ላይ የሚዘሉትን ዝንጀሮዎች የሚያሳዩ ፊልሞች፣ ብዙ ጊዜ ማያዎች ከምድር የጠፉ ያስመስላሉ። ነገር ግን በዚያች አገር ዛሬም በማያ ቋንቋዎች የሚናገሩ ሚሊዮኖች አሉ። አውሬው ጎልቶ እንዲታይ ሰው ከሥዕሉ ይወጣል።

እንግሊዛዊው አዳኝ ሳሙኤል ቤከር እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር። እርሱ በ1862 እ.ኤ.አ. በተከዜ ቆላ አድኖ በመተማ አልፏል፤ በ1867 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አርእስት ላይም በሰይፍ ዝሆን የሚያድኑትን የሐምራን ዐረቦች ስም ከአባይ ገባሮች ጋር አብሮ ጽፏል። ብዙ እንስሳ የገደለ ሰው ያስተማሩትን ካልረሳ፣ እንስሳን ለማዳን የመጣ እንዴት ይረሳል?

እኔ በመምህርነት ዘመኔ ተማሪ የሰማውን እንደ ራሱ ዕውቀት ሲናገር «ከማን ሰማኸው?» እለው ነበር። ፊልም ሠሪንም «ማን መራህ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ነገሩ የክብር ጥያቄ ብቻ አይምሰልህ። ሰው እንደሌለበት ሆኖ የተሣለ አገር፣ ሰው እንደሌለበት ሆኖ ይታሰባል። በሬው የተበላበት ገበሬ ሳይቆጠር ይቀራል፤ ያልተቆጠረ ሰውም ለአንበሳው የሚራራበት ምክንያት አይኖረውም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን በተነሣው ጦርነት አያሌ ስደተኞች በመተማ በኩል ገብተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሩቅ ሰው ካሜራውን ይዞ ለመምጣት አይደፍርም። ያን ጊዜ ከአንበሳው አጠገብ የሚቀረው ጎረቤቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወደፊት አልጣሽን በፊልም የሚያነሣ ሁሉ፣ አንበሳውን ካሳየን በኋላ እረኛውንም ያሳየን፤ መንገድ የመራውን ሰው በፈቃዱ በስሙ ይጥራው፤ የጠፋበትን ከብት ቁጥርም ይጠይቀው። ፊልሙ በዚህ ምክንያት ውበቱ አይቀንስም፤ እውነቱ ግን ይሞላል።