ከትጋት ተረክ ባሻገር፦ የዶሞቶ ቤተሰብና የካሊፎርኒያ አበባ

የጃፓን ፍልሰተኞች በካሊፎርኒያ የአበባ እርሻ የነበራቸው ድርሻ ሲነሳ ሁለት ተረኮች ይደጋገማሉ። አንደኛው የትጋት ተረክ ነው፤ ባዶ እጃቸውን መጥተው በላባቸው ከበሩ ይላል። ሁለተኛው የበደል ተረክ ነው፤ ያፈሩትን ሁሉ ጦርነት ነጠቃቸው ይላል። የዶሞቶ ቤተሰብ ታሪክ ግን ለሁለቱም አይመችም። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ፣ የቤተሰቡ ዋና ውርስ መሬት ወይም ሀብት ሳይሆን ከሥጋ ዘመድ አልፎ የተላለፈ ሙያ ነው የሚል ነው።

ከዋካያማ የፈለሱት የዶሞቶ ወንድማማቾች በ1880ዎቹ (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኦክላንድ ውስጥ የችግኝ ጣቢያ ከፈቱ። ካሜሊያና ሌሎች ዕፅዋትን ከጃፓን እያስመጡ ሸጡ፤ ለገበያ የሚሆን አበባም አለሙ። አዲስ የሚመጡ ወጣት ጃፓናውያን እዚያ እየተቀጠሩ ሙያውን ከተማሩ በኋላ የየራሳቸውን እርሻ ማቋቋም ስለጀመሩ ጣቢያው «የዶሞቶ ኮሌጅ» የሚል ቅጽል ወጣለት። ነገ ተፎካካሪ የሚሆነውን ሠራተኛ ማሠልጠን ግን በደግነት ብቻ የሚገለጽ አይደለም። የተቆረጠ አበባ ቶሎ የሚጠወልግ ሸቀጥ በመሆኑ ብቻውን የቆመ አምራች በደላላ እጅ ይወድቃል፤ ብዙ ሆነው የተደራጁ አምራቾች ግን የራሳቸውን ገበያ መትከል ይችላሉ። ጃፓናውያኑ አምራቾች በ1912 በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ አበባ ገበያን በሕጋዊ ኩባንያነት ማስመዝገባቸው የዚህ ስሌት ፍሬ ተደርጎ ሊነበብ ይገባዋል።

የትጋት ተረክ በቸልታ የሚያልፈው ሕጉን ነው። የ1913ቱ የካሊፎርኒያ የመሬት ሕግ የአሜሪካ ዜግነት ማግኘት የማይፈቀድላቸው ፍልሰተኞች የእርሻ መሬት እንዳይገዙ ከለከለ፤ ኪራዩንም በ3 ዓመት ገደበ። የ1920ው ሕግ ደግሞ ይህንኑ አጠበቀ። የግሪንሃውስ መስታወት፣ ማሞቂያና የቧንቧ መስመር በ3 ዓመት ወጪውን አይመልስም። ስለዚህ ብዙ ቤተሰቦች መሬቱን አሜሪካ በተወለዱ ልጆቻቸው ስም ያዙ። በ1902 ኦክላንድ የተወለደው ቶይቺ ዶሞቶ ከዚህ ትውልድ ነው። በዩኒቨርሲቲ ተምሮ ሄይዋርድ ላይ የራሱን ጣቢያ ከፈተ፤ ካሜሊያና ፒዮኒ በማዳቀልም ስሙ ታወቀ።

የበደል ተረክም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። የኦክላንዱ የአባቶች ድርጅት የወደቀው በጦርነቱ ሳይሆን ቀደም ብሎ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ይህ ግን የ1942ቱን ግፍ አያቀለውም። በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ቁጥር 9066 መሠረት 120,000 ገደማ ጃፓናውያንና ጃፓናውያን አሜሪካውያን ከቤታቸው ሲነሱ ቶይቺም ከቤተሰቡ ጋር በኮሎራዶ አማቼ ካምፕ ታሰረ፤ ከዚያ ወጥቶ ኢሊኖይ ሠራ፤ በኋላም ሄይዋርድ ተመለሰ። ከዘር የበቀለ ፒዮኒ ለማበብ ዓመታት ይፈጃልና ለአዳቃይ ጊዜ ራሱ ካፒታል ነው፤ የዚህ ኪሳራ በንብረት ግምት መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ለዚህ ታሪክ ዋናው ምንጭ፣ የባንክሮፍት ቤተ መጻሕፍት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያጠናቀረው የቶይቺ የቃል ታሪክ ነው። ለሙያው ዝርዝር አቻ የለውም። ሆኖም ተናጋሪው የቤቱ ልጅና በኋላም የጣቢያ ባለቤት ነው። የሚስቶች፣ የእህቶችና የቅጥር ሠራተኞች ድካም በእርሱ አንደበት ይነገራል እንጂ ራሳቸው አይናገሩም። ምንጩን እንደ ሙሉ የቤተሰብ ታሪክ የሚጠቅስ ተመራማሪ ይህን ክፍተት መጥቀስ ይኖርበታል።

በ1991 የወጣው የአንዲስ አገሮች የንግድ ሕግ የኮሎምቢያና የኢኳዶር አበባ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ሲፈቅድ፣ በርካታ የካሊፎርኒያ አምራች ቤተሰቦች ፉክክሩን አልቻሉትም። መሬቱ ለቤት ግንባታ ተሸጠ፤ ግሪንሃውሶቹም ፈረሱ። የቤተሰቡን ውርስ በቀረው ንብረት የሚለካ አንባቢ ባዶ ነው ይላል፤ የሠለጠኑትን አትክልተኞች፣ የተዳቀሉትን ዝርያዎችና የጋራ ገበያውን የሚቆጥር ግን ሌላ ፍርድ ላይ ይደርሳል። ትክክለኛው መለኪያም ይህ ሁለተኛው ነው።