የካማላ ፊቶች

እንስራ ያዘለች፣ የእንጨት ሸክም ያጎበጣት ሴት ሥዕል በአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ መደብሮች ሞልቷል። ጀርባዋ ያምራል፣ ጀንበሯም ታምራለች፤ ሴትየዋ ምን እንደሚሰማት ግን አይታወቅም። ሱዳናዊቷ ሠዓሊ ካማላ ኢብራሂም ኢስሃቅ ሸክሙን ከጀርባ አውርደው ፊት ላይ አሰፈሩት። ለእኔ ትልቁ ሙያቸው ይሄ ነው።

ካማላ እ.ኤ.አ. በ1939 ኦምዱርማን ተወለዱ፤ ከካርቱም የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ከተመረቁት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናቸው። ከዚያ ለንደን ሄደው በሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት የግድግዳ ሥዕል ተማሩ። በምድር ውስጥ ባቡር መስኮት ላይ ተጣሞ የሚታየው የተሳፋሪ ፊት እዚያ ዓይናቸው ገባ። ሌላው ምንጫቸው ዛር ነው።

ዛርን ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በሱዳን ዛሮች መካከል “ሀበሺ” የሚባሉ እንዳሉ ግን ብዙዎቻችን ሰምተን ላናውቅ እንችላለን። እዚያም እንደ እዚህ፣ ባል ያልሰማትና ጎረቤት ያልተረዳላት ሴት ዕጣን ሲጨስ፣ ከበሮ ሲመታ በዛሯ አፍ ትናገራለች፤ ልብስ፣ ወርቅ፣ ሽቶ ትጠይቃለች። ያላት ነፃነት ለዚያች ሰዓት ብቻ ቢሆንም ነፃነት ነው፤ ካማላም የሚሥሉት ይህን ነፃነት በማክበር ነው።

ሥዕሎቹ ቀረብ ብሎ ማየትን ይጠይቃሉ። ቀለሙ አፈር አፈር ይላል፤ ቡናማው፣ ዳለቻው፣ የደረቀ ቅጠል የሚመስለው አረንጓዴ እርስ በርሱ ይዋጣል። ፊቶቹ ተስበው ረዝመዋል፣ ዓይኖቹ ከልክ በላይ ተከፍተዋል፤ ሆኖም አንዱም ፊት አስቀያሚ አይደለም። የአንዷ ሴት ገላ የት አልቆ የሌላዋ የት እንደሚጀምር መለየት ያስቸግራል፤ መስመሩ እንደ ሥር ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይሄዳል። በጥቁር መስመር ለይቶ መሣል ይቀል ነበር፤ ሴቶቹ ግን ያኔ ተነጣጥለው የተቀመጡ እንግዶች ይሆኑ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1976 ከተማሪዎቻቸው ጋር ክሪስታላውያን የተባለውን የሥነ ጥበብ ቡድን መግለጫ ካወጡ በኋላ፣ ሴቶችን እንደ መስታወት ብርሃን በሚያሳልፉ ኩቦች ውስጥ አስገብተው ሣሉ። መስታወት በዘይት ቀለም መሣል ፈተና ነው፤ ብዙ ሠዓሊ ነጭ ነጸብራቅ ጣል አድርጎ ይገላገለዋል። እሳቸው ግን ግድግዳውን የሚያሳውቁን ከኋላው ያለውን ፊት በማጣመም ነው። ሴቲቱ ሙሉ በሙሉ ትታያለች፣ ማንም ግን አይደርስባትም። በአደባባይ እየታዩ የታፈኑ ሴቶችን ከዚህ በተሻለ የሣለ ሰው አላውቅም።

ለንደን የሚገኘው ሰርፐንታይን የሥነ ጥበብ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራዎቻቸውን ሲያሳይ ከሸራዎቹ ጎን የተሣለባቸው ቅሎችና የቆዳ ከበሮዎችም ነበሩ። ቆዳ እንደ ሸራ አይታዘዝም፤ ይኮማተራል፣ ይላላል። ቅልም ክብ ነው፣ መስመሩ ከእጅ ጋር አብሮ መዞር አለበት። የሴቶቹን ጓዳ ዕቃ የሥዕል ገበታ ማድረግ የካማላ ምርጫ ነው፤ ቅሎቹና ከበሮዎቹም ከሸራዎቹ እኩል ሊታዩ ይገባቸዋል።