የኋላው እግር

ሠላሳ ሁለት ዓመት በቴኳንዶ ስደክም ኖሬ የሰባተኛ ዳን ማዕረግ በተቀበልሁ፣ ማስተር ተብዬም አበባ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎልኝ ወደ ቤቴ በገባሁ ማግሥት፣ እንደ ልማዴ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ወደ ደፉበት ወደ እንጦጦ ማርያም ደብር ወጣሁና ጫማዬን አውልቄ ተሳለምሁ። (ጫማ ማውለቅን ያስተማረችኝ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የመለማመጃው አዳራሽ ትእዛዟን ደገመልኝ እንጂ አዲስ ነገር አልነገረኝም።)

ከዚያም ባሕር ዛፉ መካከል ካለች ገላጣ ቦታ ቆሜ ቾን ጂ የተባለውን ፓተርን (በቅደም ተከተል የተደነገገ የእንቅስቃሴ ልምምድ) ጀመርሁ። ትርጓሜው በኮርያ ልሳን ሰማይና ምድር የሆነው ይህ ፓተርን፣ ኮርያዊው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ከደነገጓቸው 24ቱ የመጀመሪያውና 19 እንቅስቃሴ ብቻ ያለው የጀማሪ ትምህርት ነው። ጥበቡ ራሱ ቴኳንዶ የሚለውን ስም ያገኘው በ1947 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ኢትዮጵያ ለኮርያ ጦርነት የላከቻቸው የቃኘው ዘማቾች በ1943 ዓ.ም. ኮርያ ሲደርሱ ስሙ ገና አልተወለደም ነበር።

በኤል ስታንስ ከሚቆሙበት ከዘጠነኛው እንቅስቃሴ ላይ ስደርስ፣ ለሩጫ የመጣች ቢጫ ቀበቶ ተማሪዬ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል፣ «ማስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወደ ፊት አጋደሉ» አለችኝ።

አልዋሽም፤ አስቀድሞ የመጣብኝ ቍጣ ነው። በኤል ስታንስ አቋቋም ከመቶው ክብደት 70ው በኋላው እግር፣ 30ው በፊተኛው ላይ እንዲያርፍ ለስንቱ ያስተማርሁ እኔ ነኝና! የፊተኛው እግር ቀሎ የሚቆየው ባስፈለገ ጊዜ ፈጥኖ ለእርግጫ እንዲነሣ ነው፤ ላነሣው ብሞክር ግን መላ አካሌ ተከትሎት ሄደ። ትናንት አዳራሹ ሲያጨበጭብ እጅ ለመንሣት ወደ ሕዝቡ ያዘነበለው ሰውነቴ፣ ሌሊቱን ሳይመለስ አድሮ ይሆን እያልሁ በልቤ አፈርሁ።

ድጓውን አስመስክሮ የወጣ መሪጌታ ቅኔ ቤት ሲገባ፣ በዜማ ያገኘው ክብር ሳያግደው፣ ከልጆች ጋር በመደዳ ተቀምጦ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። እኔ ግን የምጀምረው ሌላ ጥበብ አልነበረም፤ ያንኑ የራሴን ነበር፤ ይህም ሳይከብድ አይቀርም።

ልጅቱን ቍጥሩን እንድትጠራልኝ ለመንኋት። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ በኮርያ ልሳን «ሃና፣ ዱል» (አንድ፣ ሁለት) ማለት ጀመረች፤ እኔም እንደ ተማሪ በድምፅዋ ተንቀሳቀስሁ። ከዘጠነኛው ላይ ስንደርስ ግን ቈጠራውን አቋረጠችና፣ እግሬን ጎንበስ ብላ ተመልክታ፣ «ገና ነዎት» አለችኝ።