ስለ ጊዜ የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግሦችና የእኛ «አለፈ»

እንግሊዝኛ የጊዜን አካሄድ ሲገልጽ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ተራ ግሥ ጎን ትንሽ ቃል ይለጥፋል። «ጎ ባይ»፣ «ፍላይ ባይ»፣ «ድራግ ኦን»፣ «ዌር ኦን»፣ «ከም ራውንድ» የሚባሉት ፍሬዛል ቨርቦች ከዚህ ወገን ናቸው። በወልቂጤ ባየናቸው የተማሪዎች ደብተሮች ግን ለሁሉም የተሰጠው ፍች አንድ ነው፤ ይኸውም «አለፈ»። ይህን አፈታት እንነቅፋለን።

«ጎ ባይ» በእርግጥ አለፈ ነው። «ፍላይ ባይ» ግን ሳይታወቅ ነጎደ፣ «ድራግ ኦን» ደግሞ አላልቅ ብሎ ተጓተተ ማለት ነው። ስብሰባ ተጓተተብኝ ብሎ የሚያማርረውን ሰው «ስብሰባው አለፈ» ብሎ የሚተረጉም ተማሪ፣ የተሰላቸውን እንደ ተገላገለ አድርጎ ያቀርበዋል። «ዌር ኦን»ም ቀኑ እየገፋ ሄደ ይላል እንጂ አለቀ አይልም፤ ይህን የሳተ የታሪኩን ቅደም ተከተል ይስታል።

ይበልጥ የሚያስቆጨን «ከም ራውንድ» ነው። በጉራጌ አገር ለዚህ ከመስቀል የተሻለ ምሳሌ ከየት ይገኛል? በአዲስ አበባ የሚኖረው ሁሉ በመስከረም ወደ ቤተሰቡ የሚጓዘው መስቀል አልፎ ሳይሆን ዓመቱን ጠብቆ ዞሮ መጥቶ ነው! መምጣትን ማለፍ ብሎ መፍታት ግልብጥ ትርጉም ነው።

«ድሮው ኢን» ብቻ አቻ ቃል ቢያጣ አይደንቅም። በለንደን የታኅሣሥ ቀን ከሰኔው ቀን ከ8 ሰዓት በላይ ስለሚያጥር እንግሊዞች ምሽቱ ቀድሞ መምጣቱን በዚህ ግሥ ይናገራሉ። በወልቂጤ ልዩነቱ 1 ሰዓት ያህል ነውና፣ እዚህ ላይ ቃል ከመፈለግ ነገሩን ማስረዳት ይሻላል።

ከዚህ ተነሥቶ አማርኛ ድኻ ነው የሚል ካለ አንስማማም። ዋለ፣ አደረ፣ ሰነበተ፣ ባጀ፣ ከረመ ስንል ጊዜውንና ጊዜውን ያሳለፈውን ሰው ያለ ተቀጥላ በአንድ ግሥ እንጠቀልላለን። «እንዴት ከረሙ» የሚለው ሰላምታ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር፣ ከተያየን ብዙ ጊዜ ሆነን የሚለው ክፍል ብዙውን ጊዜ ወድቆ ይቀራል። ጉዳዩን በዚህ አቅጣጫ ለመመርመር ለሚፈልግ ተማሪ፣ ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ጉራግኛ ጽፈውት፣ በፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው ተተርጉሞ በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የታተመው የሽነጋ መንደር ታሪክ አለ። ትርጉሙን ከቸሃው ጋር ሊያመዛዝን የሚችለው የቸሃ ልጅ ደግሞ ከወልቂጤ ሩቅ አይደለም።