የኢጣልያንኛ ግሥ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚቀርብበት ዘዴ፤ ሒሳዊ አስተያየት

ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጁ ብዙ የኢጣልያንኛ መማሪያ መጻሕፍት የግሥን ትምህርት የሚጀምሩት በሠንጠረዥ ነው። ግሦቹ በንዑስ አንቀጽ መድረሻቸው «አሬ»፣ «ኤሬ» እና «ኢሬ» ተብለው በሦስት ይከፈሉና በስድስት መደብ ይረባሉ። ይህ አቀራረብ ሥርዓት እንደሚያስይዝ የሚካድ አይደለም። «ፓርሎ» እናገራለሁ፣ «ፓርሊያሞ» እንናገራለን ማለት ሲሆን፣ ግሡ ባለቤቱን በመድረሻው ስለሚያሳውቅ፣ ይህን ያልለመደው የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ደጋግሞ መለማመድ ይኖርበታል።

ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው ወደ ኃላፊ ጊዜ ሲደረስ ነው። ሠንጠረዥ ቅርጽን እንጂ አገልግሎትን አያስተምርም። እንግሊዝኛ «አይ ኒው» ብሎ በአንድ ቅርጽ የሚያልፈውን ኢጣልያንኛ በሁለት ይለየዋል፤ «ሳፔቮ» ቀድሞ የነበረን ዕውቀት ሲገልጽ፣ «ኦ ሳፑቶ» ነገሩ የታወቀበትን ቅጽበት ያመለክታል። ተማሪው ሁለቱንም እርባታ በቃሉ ቢያጠና እንኳ የትኛውን መቼ እንደሚመርጥ አያውቅም።

ይበልጥ የሚያሳስተው የቅርጽ መመሳሰል ነው። «ኦ ማንጃቶ» ከእንግሊዝኛው «አይ ሃቭ ኢትን» ጋር ክፍል በክፍል ይገጥማል፤ ነገር ግን ኢጣልያንኛው «ትናንት» ከሚል ቃል ጋር ሲነገር፣ እንግሊዝኛው ይህን አይፈቅድም። በአንጻሩ አንድ ሰው በአንድ ስፍራ ሦስት ዓመት መኖሩንና አሁንም እዚያው መሆኑን ለመግለጽ እንግሊዝኛ ያንኑ ቅርጽ ሲወስድ፣ ኢጣልያንኛ «አቢቶ» ብሎ በአሁን ጊዜ ይናገራል።

ሮበርት ላዶ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ጋር የሚመሳሰለው ለተማሪው ቀላል፣ የሚለየው ከባድ እንደሚሆን ገልጸዋል። ይሁን እንጂ ንጽጽሩ ቅርጽን ብቻ ሳይሆን ትርጉምንና አገባብን እንዲጨምር አሳስበው ነበር። የሠንጠረዥ አዘጋጆች የዘነጉት ይህንኑ ነው። ውጤቱም ተማሪው በመጽሐፉ ጉድለት ምክንያት ሰነፍ ተብሎ መወቀሱ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ መምህራንም ሩቅ አይደለም። አማርኛ «አውቅ ነበር» እና «ዐወቅሁ» ብሎ ስለሚለይ፣ እንግሊዝኛ የሚማር ኢትዮጵያዊ የሚገጥመው ችግር የዚሁ ተቃራኒ ነው፤ ሁለቱን ወደ አንድ ማጠፍ ይኖርበታል።

ስለዚህ ሁለቱ የኃላፊ ጊዜያት በየምዕራፉ ተነጣጥለው ሳይሆን በአንድ ትረካ ውስጥ ጎን ለጎን ሊቀርቡ ይገባል። «ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ በሩ ተንኳኳ» የሚል አጭር ታሪክ፣ አንዱ ጊዜ ሁኔታን ሌላው ክንውንን እንደሚያሳይ ከሙሉ ገጽ ሠንጠረዥ አብልጦ ያስረዳል። ሠንጠረዡ ከትረካው ኋላ ለመከለሻ ይምጣ። ፈተናም መድረሻን ከማስሞላት አልፎ ምርጫን ካልጠየቀ፣ የተሻለው መጽሐፍ እንኳ በከንቱ ይቀራል።