ምስቅልቅልና ፓንዴሞኒየም
ግሸን አምባን ስለሚያገናኙ ሁለት ቃላት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ተውኔቴ የሁለተኛው ገቢር መጨረሻ ላይ «ግርግር ይሆናል» ብዬ ጽፌ ነበር። ልምምዱ ሲጀመር ተዋንያኑ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኹ። በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ ተዋናይ ግን ዝም ብለው ቆዩና፣ «የምን ግርግር ነው? የገበያ ነው፣ የለቅሶ ቤት ነው፣ ወይስ የቤቱ ዕቃ ነው የሚመሰቃቀለው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህ የእኔ ብቻ ጉድለት ቢሆን ኖሮ ለአንባቢ ባላቀረብሁት። ነገር ግን በየጊዜው የሚወጡትን ልብ ወለዶችና በተለይም የትርጉም ሥራዎችን የተመለከተ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሥርዓት የጎደለውን ነገር ሁሉ «ግራ መጋባት» ወይም «ትርምስ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ሆኗል። አማርኛ ግን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ግራ የሚገባው ልብ ነው፤ ሰውየው ብቻውን በዝግ ቤት ተቀምጦም ግራ ሊገባው ይችላል። ትርምስ የሚራወጡ ሰዎችን ይሻል። ግርግር ሕዝብ ይፈልጋል፤ «ግርግር ለሌባ ያመቻል» የተባለውም የሰው ብዛት ሌባውን ስለሚሸሽገው ነው። ውዥንብር በወሬ ይነዛል። «ከተማው ታመሰ» ስንል ደግሞ ቃሉን ያመጣነው ከምጣድ ላይ ነው፤ እህሉ እንዳያርር ከወዲያ ወዲህ የሚያገላብጠው እጅ አለና፣ የታመሰ ከተማም ያመሰው አለ። ይህን ቃል የሚጽፍ ደራሲ የአማሹን ማንነት ሊያውቅ ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን «ምስቅልቅል» ነው። ሥሩ «ሰቀለ» ነው፤ ከርሱ «መስቀል»፣ ማለት የሚሰቀልበት ዕንጨት ወጣ። አማርኛ በቅድሚያ የገባችውን «መ» እንደ ሥር ፊደል ቆጥሮ «አመሳቀለ» አለ፤ አንዱን በሌላው ላይ አግድም አሳለፈ ማለት ነው። «መስቀለኛ መንገድ»ም ከዚሁ ነው። ከዚያም በ«ድብልቅልቅ» እና በ«ዝብርቅርቅ» እንዳደረገው፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት ደግሞ «ምስቅልቅል» አለ። እንግዲህ ቃሉ የድምፅ ቃል አይደለም፤ የመስመር ቃል ነው። በአምባሰል የሚገኘው ግሸን ደብረ ከርቤ ቅርጹ መስቀል ነው፤ ግማደ መስቀሉ በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከዚያ እንዲያርፍ የተደረገውም በዚሁ ቅርጹ ምክንያት መሆኑን ትውፊቱ ይነግረናል። አንድ ጊዜ የተሻገረ መስመር መስቀል ይሆናል፤ ምልክትም፣ አቅጣጫም ነው። መሻገሩ ሲደጋገም ግን እያንዳንዱ መስመር ለየራሱ ቀጥ ያለ ቢሆንም ዓይን መከተያ ያጣል። አንድ ወዳጄ ሁከትን ከመስቀል ስም ማውጣት ድፍረት ነው ብሎ ተቆጥቶኛል፤ ቋንቋው የወሰደው ግን ቅርጹን እንጂ ክብሩን አይደለም። መስከረም 21 ቀን ወጪና ወራጁ በአምባው ጠባብ በር ሲተላለፍ ግፊያ አለ፤ ምስቅልቅል ግን አልለውም፤ ሁሉም የሚሄድበትን ያውቃልና።

ግሸንን ያነሣሁት ግን ስለ ቅርጹ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች ታላቅ ሁካታን ከሚጠሩባቸው ቃላት አንዱ «ፓንዴሞኒየም» ነው፤ ቃሉም የተወለደው ይኸው አምባ በተጠቀሰበት ግጥም ውስጥ ነው። ጆን ሚልተን ዓይኑ ከጠፋ በኋላ እየተናገረ ባስጻፈውና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1667 በታተመው «የጠፋችው ገነት» በተባለው ድርሰቱ፣ በአራተኛው መጽሐፍ ላይ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን የአማራ ተራራ ያነሣል፤ አንዳንዶች እውነተኛዋ ገነት ናት ቢሉትም ከኤደን ጋር አይተካከልም ይላል። ሊቃውንት ይህን ተራራ አምባ ግሸን ነው ይሉታል። ወሬው ወደ አውሮፓ ከተሻገረባቸው መንገዶች አንዱ በ1520 ወደ አገራችን የመጣው የፖርቱጋሉ ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በ1540 ታተመ፤ በዚያው ዓመት አምባው በኢማም አሕመድ ሠራዊት እጅ ወድቆ የመሳፍንቱ መጠበቂያነቱ አከተመ። ባለቅኔው «ያስጠብቃሉ» ሲል እስረኞቹ ከሌሉ መቶ ዓመት አልፏቸው ነበር።

በዚሁ ድርሰት የመጀመሪያ መጽሐፍ ሚልተን ለሰይጣን አዳራሽ ስም አወጣ። ከግሪክኛው «ፓን»፣ ሁሉ፣ እና «ዳይሞን»፣ ጋኔን፣ አጣምሮ «ፓንዴሞኒየም» አለው፤ የአጋንንት ሁሉ ቤት ማለት ነው። ታዲያ በዚህ ቤት ሁካታ አለን? የለም! ሕንፃው በዜማ ታጅቦ ይነሣል፤ መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ይቀመጣሉ፤ በሁለተኛው መጽሐፍ ተራ በተራ እየተነሡ ይከራከራሉ፤ የቀረበላቸውንም ምክር በድምፅ ያጸድቃሉ። ሁከትንና ጠብን ሚልተን ያስቀመጠው በሌላ ስፍራ፣ ሰይጣን በኋላ በሚያቋርጠው ቅርጽ የለሽ ጥልቅ ውስጥ ነው። ቃሉን የጩኸት ስም ያደረጉት ከርሱ በኋላ የመጡ ተናጋሪዎች ናቸው። በእኔ አስተያየት በዚህ ኪሳራ አለ፤ በጥሩ ሥርዓት የተሰበሰበ ክፋት ከሚጮኽ ክፋት ይልቅ ያስፈራልና፣ ባለቅኔው ያየው ይህን ነበር።

ስለዚህ ይህን ቃል ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል። በጋዜጣ ወይም በዛሬ ልብ ወለድ ላይ ሲያገኘው «ሁካታ» ቢለው አልነቅፈውም። በሚልተን ድርሰት ግን «የአጋንንት ሸንጎ» ቢል ይሻላል፤ «ትርምስ» ካለ ባለቅኔው ያልጻፈውን ይጽፋል። «ምስቅልቅል»ም አይሆንም፤ በዚያ አዳራሽ መስመር ከመስመር አልተሻገረም፤ ሁሉም ወደ አንድ ዙፋን ያመራል።

ወደ ተውኔቴ ልመለስ። የሽማግሌውን ጥያቄ ይዤ ገቢሩን ደግሜ ሳነበው፣ ነገሩ የተበላሸው በርስት የተጣሉ ወንድማማቾች እያንዳንዳቸው የእውነት ድርሻ ስለነበራቸው እንደሆነ አየሁ። የሚጮኽ ሰው አያስፈልግም ነበር። «ግርግር ይሆናል» የሚለውን ሠርዤ፣ «አራቱ ወንድማማቾች ዕቃቸውን ተሸክመው በመድረኩ ላይ በአራት አቅጣጫ ይተላለፋሉ፤ አንዱም አይናገርም» ብዬ ጻፍሁ። ተዋናዩ አንብበው፣ «አሁን የት እንደምቆም ዐወቅሁ» አሉኝ።